ያረጀውን ውሻ ከነደዌው ስለ መቀበል

ውሻ ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ከሰው ጋራ የተላመደ ፍጥረት ነው። በግ ሳይሰማራ፣ በሬም ሳይጠመድ ውሻ የአዳኝን እግር ተከትሎ ይሄድ እንደ ነበረ የጥንቱን ዘመን አፈር ቈፍረው የመረመሩ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ሰውም ለዚህ ለረዥም ዘመን አገልጋዩ ሲከፍለው የኖረው ደመወዝ ትርፍራፊ እህልና የደጅ መኝታ ነው። ውሻው ጕልበት እስካለው ድረስ ይህ ውል ሳይፈርስ ይኖራል፤ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ ጅብ ሲመጣ ይቋቋማል፣ ጌታውም ያበላዋል። ዳሩ ግን ጥርሱ በረገፈ፣ ዓይኑ በፈዘዘ፣ ይልቁንም መድኃኒት የሚያሻው ደዌ ባደረበት ጊዜ ውሉ በማን በኩል እንደሚፈርስ የታወቀ ነው። ውሻው በበኩሉ ውል አፍርሶ አያውቅም።

ጌታ ላጣ ውሻ ቤት በመሥራት ስማቸው ከሚጠራው ሰዎች አንዷ የሎንዶኗ ወይዘሮ ሜሪ ቲልቢ ናቸው። እኒህ ሴት በ1860 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሆሎዌይ በተባለው ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ መጠጊያ አቋቋሙ። ርኅራኄ ከልኩ አልፎ ቅብጠት ሆነ ተብሎ ተዘበተባቸው፤ ከዘበቱባቸውም አንዱ ታይምስ የተባለው ታላቁ ጋዜጣ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ሥራቸውን የሚያመሰግን ጽሑፍ ወጣ፤ ጽሑፉም በዚያው ከተማ የተደረገውን የባለጠጎች ውሾች ትርኢት ከምስኪኖቹ መጠጊያ ጋራ እያነጻጸረ የሚናገር ነበረ። ወይዘሮ ቲልቢ የድካማቸውን ፍሬ ብዙ ሳያዩ በ1865 ዓ.ም. አረፉ። መጠጊያው በ1871 ዓ.ም. ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ በ1885 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂው ሆኑ፤ ዛሬም በዚያው ስፍራ ይሠራል። በአሜሪካም ሄንሪ በርግ የተባሉት ሰው እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቀውን ማኅበር በ1866 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ መሠረቱ።

ከዚያ ወዲህ መጠጊያዎች እጅግ በዝተዋል፤ የሚመጣባቸው ውሻ ግን ከእነርሱ ይልቅ በዝቷል። ይኸው የአሜሪካ ማኅበር እንደ ገመተው በ2019 ዓ.ም. በዚያ አገር ወደየመጠጊያው የገቡት ውሾች 3 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ያኽል ነበሩ፤ ከእነዚህም 390 ሺህ ያኽሉ በመድኃኒት ተገድለዋል። የተገደሉት ሁሉ ነካሾች ወይም ተስፋ የሌላቸው ሕመምተኞች አልነበሩም። መጠጊያ በሞላ ጊዜ ስፍራ የሚጠብበው አስቀድሞ ለማን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ወደ መጠጊያ የሚመጣ ቤተ ሰብ የሚሻው ቡችላ ነው። ቡችላው ሰው ሲያይ ይዘላል፣ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫውን አውጥቶ የልጆቹን ጣት ይልሳል፣ ልጆቹም ያንኑ ይዘው ይሄዳሉ። ሽማግሌው ውሻ ግን በማዕዘኑ ተኝቶ ራሱን ብቻ ቀና ያደርጋል። በበሩ ላይ የተሰቀለው ወረቀትም፤ ዕድሜ 10 ዓመት፤ የስኳር በሽታ አለበት፤ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ይወጋል፤ ይላል። የመጣው ሰው ወረቀቱን አንብቦ፣ ምስኪን ብሎ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ያረጀ ውሻ ወደዚያ የሚገባው ብዙ ጊዜ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጌታው ሞቶ ወራሾቹ ንብረቱን ሲካፈሉ እርሱን የሚወስድ ጠፍቶ፣ ወይም እመቤቱ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ገብታ በዚያ ውሻ የተከለከለ ሆኖ፣ ወይም የቤት አከራይ እንቢ ብሎ፣ ወይም የሐኪሙ ዋጋ ባለቤቱን አቅቶት ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ቤት የለመደ ነው። የት እንደሚተኛና የት እንደሚሸና ያውቃል፤ ጫማና መጽሐፍ አያኝክም፤ ጠባዩም የቱን ያኽል ገር ወይም ቍጡ እንደ ሆነ በአንድ ቀን ይለያል። የቡችላ ጠባይ ግን እስኪያድግ ድረስ ዕጣ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሼሪ ፍራንክሊን የተባሉት ሴት በ2007 ዓ.ም. መትቪል የተባለውን መጠጊያ ያቋቋሙት የሽማግሌዎቹን መተው አይተው ነው፤ ይህ መጠጊያ የሚቀበለው ዕድሜያቸው 7 ዓመትና ከዚያም በላይ የሆነውን ውሾች ነው። ያረጁ ሰዎችንም ካረጁ ውሾች ጋራ የሚያገናኝበት ሥርዓት አለው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ግሬይ መዝል የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ ላረጁ ውሾች የሚደክሙትን መጠጊያዎች በገንዘብ ይረዳል።

የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ዓመት ነው የሚባለው ነገር ልማድ ነው እንጂ ትክክል አይደለም። ትልቅ አካል ያለው ውሻ በሰባት ዓመቱ ያረጀ ይባላል፤ ትንሹ ግን ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የዐሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ትንሽ ውሻ ሲሶ ዕድሜው ገና ከፊቱ ሊኖር ይችላል።

ከእርጅና ጋራ የሚመጡት ደዌዎች ብዙ ናቸው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የልብ መድከም፣ የአንገት ዕጢ ስንፍና፣ የሚጥል በሽታ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አብዛኞቹ ፈጽመው አይድኑም። ነገር ግን ደዌው አይድንም ማለትና ውሻው አይኖርም ማለት አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ቃላት አንድ በማድረግ ነው። የአንገት ዕጢው የሰነፈ ውሻ በየቀኑ ክኒን ከዋጠ እንደ ጤነኛው ይኖራል። መገጣጠሚያው የሚያመው ውሻ ውፍረቱ ቢቀነስለት፣ ለስላሳ መኝታ ቢነጠፍለትና ሐኪሙ ያዘዘለትን ቢያገኝ ዕለት ዕለት በዝግታ ይመላለሳል። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስፈራው የስኳር በሽታ ነው፤ መርፌ አለበትና። ደግሞም ከደዌዎች ሁሉ የውሻ ወገን ለሰው ወገን ያበደረው ዕዳ የሚገኘው በዚህ ላይ ነው፤ ስለ ሆነም ነገሩን ከመሠረቱ መናገር ያሻል።

በ1889 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ሆድ ቀድደው ቆሽቱን አወጡ። ሐሳባቸው ቆሽት ለምግብ መፈጨት የሚሰጠውን ጥቅም ለመመርመር ነበረ። ውሻው ግን ሽንቱ ያለ ልክ በዛ፤ ሽንቱም ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ከጥንት ጀምሮ ሰውን እያከሳ የሚገድለው፣ ምንጩም በርግጥ ሳይታወቅ የኖረው በሽታ ከቆሽት ጋራ የተያያዘ መሆኑ በዚህ ተገለጠ። ምንጩ ቢታወቅም መድኃኒቱ ሳይገኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። በዚያን ዘመን የስኳር በሽታ ለያዘው ልጅ ሐኪሞች የሚያደርጉለት ነገር ምግብ መከልከል ብቻ ነበረ፤ እንዲህም ሲሆን በሽታው የሚገድለውን ልጅ ራብ ጥቂት ያቈየው ነበር።

በ1921 ዓ.ም. ከግንቦት ወር ጀምሮ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተባለ ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪምና ቻርልስ ቤስት የተባለ ረዳቱ በፕሮፌሰር ማክላውድ የምርመራ ቤት ሥራ ጀመሩ። ቆሽታቸው የወጣባቸውን ውሾች ከሌሎች ውሾች ቆሽት በተዘጋጀ ጭማቂ እየወጉ ይሞክሩ ነበር። ብዙዎቹ ውሾች ሞቱ፤ ግማሾቹ በቀዶ ጥገናው፣ ግማሾቹም በቍስል መርቀዝ። ማርጆሪ የሚል ስም የወጣላት አንዲት ውሻ ግን ቆሽት ሳይኖራት በመርፌው ኀይል 70 ቀን ያኽል ኖረች፤ በምርመራውም ፍጻሜ እንድትሞት ተደረገ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ መድኃኒቱን የማጥራት ሥራ ያዘ። በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ በሞት አፋፍ ላይ ለነበረ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙ አልጠቀመውም፤ ከ12 ቀን በኋላ ኮሊፕ ያጠራው በተሰጠው ጊዜ ግን በደሙ ያለው ስኳር ወረደ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። የመድኃኒቱ ስም ኢንሱሊን ተባለ። በ1923 ዓ.ም. ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ ባንቲንግ የገንዘቡን እኩሌታ ለቤስት፣ ማክላውድም ለኮሊፕ አካፈሉ። ከውሾቹ ወገን ድርሻ የጠየቀ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኢንሱሊን በፋብሪካ መሠራት በጀመረ ጊዜ የሚወጣው ከታረዱ በሬዎችና አሳማዎች ቆሽት ነበረ። የአሳማው ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን በአንዲት ጥቃቅን ክፍል ብቻ ይለያል፤ ከውሻ ኢንሱሊን ግን በምንም አይለይም። ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰው የሚሆነው ኢንሱሊን በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት መሠራት ስለ ጀመረ የአሳማው ለሰው ሕክምና የሚውለው እጅግ አነሰ፤ ለውሻ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዲህ በመጠጊያው በር ላይ፤ የስኳር በሽታ አለበት፤ ተብሎ የተጻፈለት ሽማግሌ የሚያስፈልገው መድኃኒት የገዛ ወገኖቹ በሞታቸው ያስገኙት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ወረቀቱን አንብቦ ከማለፉ በፊት ጥቂት ቢቆም ይገባዋል።

አሁን ሥራውን በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ሥራውን ሳያውቅ በርኅራኄ ብቻ ተነሥቶ የሚቀበል ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውሻውን መልሶ ያመጣዋልና፤ ይህም ለውሻው ከመጀመሪያው መጣል የከፋ ነው።

የውሻ ስኳር በሽታ በአብዛኛው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የሚመጣ ስለ ሆነ ውሻው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መርፌ ይወጋል። ጧት በ1 ሰዓት በልቶ እንደ ሆነ ማታም በ1 ሰዓት ይበላል፤ ምግቡም በዓይነትና በመጠን ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በልቶ ሲጨርስ በትከሻው አካባቢ ያለውን ልል ቆዳ በሁለት ጣት ብድግ አድርጎ በቀጭን መርፌ ከቆዳው በታች መስጠት ነው። መርፌው እንደ ጠጕር የቀጠነ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ውሾች ልብ ስንኳ አይሉትም። በመጀመሪያው ቀን የሚንቀጠቀጠው የውሻው ገላ ሳይሆን የሰውዬው እጅ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት እጁም ይጸናል።

የመድኃኒቱ ልክ ግን ቀልድ አያውቅም። ኢንሱሊን የሚለካው ዩኒት በሚባል መለኪያ ነው። ለውሻ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው ሲሆን፣ ለሰው የሚሠራው በአብዛኛው 100 ዩኒት ያለው ነው፤ መርፌዎቹም በየብልቃጣቸው ልክ ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። የአንዱን ብልቃጥ በሌላው መርፌ የለካ ሰው ከታዘዘው እጅግ አብልጦ ወይም አሳንሶ ይሰጣል፤ መብለጡም ውሻውን ሊገድለው ይችላል። ብልቃጡ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንዳይረጋ ግን ከበረዶው ይራቅ። መርፌው ገብቶ እንደ ሆነ ወይም ፈስሶ እንደ ሆነ ያጠራጠረ ጊዜ ደግሞ መውጋት አይገባም፤ አንዲት መርፌ ብታመልጥ የምታመጣው ጕዳት ጥቂት ነው፤ ሁለት ሲደረብ የሚመጣው ግን ብርቱ ነው። ውሻው አልበላም ካለም እንደ ልማዱ አድርጎ ከመውጋት በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

የሚፈራው ነገር የስኳር ከልክ በታች መውረድ ነው። ውሻው ይደክማል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ይወድቃል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ምግብ መስጠት፤ የማይችል ከሆነ ማር ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ድዱን ማሸት፣ ወዲያውም ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ማር በጕረሮው ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋልና። በስኳር በሽተኛ ውሻ ቤት ውስጥ የማር ዕቃ ሁልጊዜ በሚታወቅ ስፍራ ይቀመጣል፤ የቤቱም ሰዎች ሁሉ፣ ሠራተኞች ሳይቀሩ፣ ነገሩን ማወቅ አለባቸው። እንስት ውሻ እንደ ሆነች ደግሞ የመውለጃዋ ክፍል በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፤ ካልሆነ በየጊዜው የሚመጣው የፍትወቷ ወራት መድኃኒቱን ያከሽፈዋል።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ከባድ ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ጧትና ማታ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም። ከባዱ የሥራው ብዛት ሳይሆን አለመቋረጡ ነው። እሑድም፣ በዓልም፣ እንግዳም ባለበት ቀን ሰዓቱ አይለወጥም።

ዓይንን በሚመለከት የሚጠብቀውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የስኳር በሽታ ከያዛቸው ውሾች አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ወይም በዓመት ተኩል ውስጥ የዓይን ሞራ ይወጣባቸዋል፤ ሕክምናው ደኅና ቢሆንም ስንኳ ይህ ይደርሳል። ሞራውን በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው። ውሻ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው የሚኖር ፍጥረት ስለ ሆነ ዕውርነትን ከሰው በቀለለ መንገድ ይችለዋል፤ የቤቱ ዕቃ ከስፍራው ካልተዛወረ በጥቂት ቀን ውስጥ ግድግዳውንና በሩን ያጠናል፤ ደረጃና ጕድጓድ ብቻ መከለል አለበት። በመጽሐፈ ጦቢት ዓይኑ የታወረው አባትየው ነው፤ ውሻውም ከልጁ ጋራ ሩቅ አገር ሄዶ ይመለሳል። በእንዲህ ያለው ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ የታወረው ውሻው ሲሆን፣ መንገድ መምራት ለሰውየው ደርሶታል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የስኳር በሽታ ውሻን አብዝቶ የሚገድለው በታወቀበት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያን ጊዜ የመድኃኒቱ ልክ ገና አልታወቀም፤ ባለቤቱም አልለመደም፤ ሌላ ደዌም ተደርቦ ይሆናል። ያን ወራት ያለፈ ውሻ ግን ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። በመጠጊያው ውስጥ ልኩ ተወስኖለት፣ መርፌውን ለምዶ፣ ክብደቱም ተመልሶ የተቀመጠው ሽማግሌ እንግዲህ ክፉውን ወንዝ ተሻግሮ የቆመ ነው። ጤነኛ ነው ተብሎ የሚወሰደው ሌላው ሽማግሌ ግን ደዌው ገና ያልታወቀለት ሊሆን ይችላል። የታወቀ ደዌ ካልታወቀው ይሻላል።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር የስኳር በሽታ ለያዘው ሰው ኢንሱሊን ማግኘት፣ ካገኘም በኋላ ከሙቀት ጠብቆ ማኖር ብርቱ ችግር ነው። ሰው ያጣውን መድኃኒት ለውሻ መስጠት አግባብ ነውን? በወይዘሮ ቲልቢ ላይ የወረደውም ዘበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሳን ፍራንሲስኮ ወይም በሎንዶን ያለው ውሻ መርፌውን ቢያጣ ያ መርፌ ወደ ገጠሩ በሽተኛ አይሄድም፤ የዚያ በሽተኛ መከራ የሚመጣው ከዋጋ፣ ከመንገድ ርቀትና ከማቀዝቀዣ እጦት ነው፤ ይህንንም የሚያቃልለው የመንግሥትና የሐኪሞች ሥራ ነው። ዳሩ ግን ይህ መልስ ጥያቄውን ፈጽሞ አይዘጋውም። በየወሩ ለአንድ ውሻ የሚወጣው ገንዘብ በሌላ ስፍራ የሰው ሕይወት ሊረዳ ይችል እንደ ነበረ መካድ ሐሰት ነው። ነገሩን በትክክለኛው ሚዛን ለማየት ግን ማንን ከማን ጋራ እንደሚያነጻጽሩ ማወቅ ያሻል። ያረጀውን የሚቀበል ሰው ውሻ ለማኖር አስቀድሞ የቈረጠ ሰው ነው፤ ምርጫው በሽማግሌውና በድኻው መካከል ሳይሆን በሽማግሌውና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በሚገዛው ባለ ዘር ቡችላ መካከል ነው። ለቡችላው የሚከፈለውን ዋጋ እንደ ኀጢአት የሚቈጥር የለም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ስለ ውሻ የሚቀድመው ሥራ ሌላ መሆኑ ግልጥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እስከ ዛሬ ሰው ይገድላልና ውሻን ማስከተብና ጌታ የሌለው እንዳይበዛ ማድረግ ይቀድማል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ግን ይህ ነገር ከቤታቸው ደጅ ሊደርስባቸው ይችላል። ወላጆቹ ውሻን ከበር ውጭ የሚያውቁት ሲሆኑ፣ በዚያ አገር ያደጉት ልጆች ደግሞ ውሻ በቤት ውስጥ ይሁንልን ይላሉ። እንዲህ ባለው ክርክር መካከል የማይዘልለውና የማይጮኸው ሽማግሌ ከቡችላው ይልቅ ለሁለቱም ወገን የሚስማማ ሊሆን ይችላል፤ መርፌው የወላጅ ሥራ እንጂ የሕፃን ሥራ አለመሆኑ ብቻ ይታወቅ።

ሁሉም ሰው ይህን ሥራ ይያዝ ማለት ግን አይገባም። ሥራው ከከተማ ከተማ የሚያዞረው ሰው፣ ጧት ወጥቶ እኩለ ሌሊት የሚገባ፣ በቤቱም ተተክቶ መርፌ የሚወጋለት የሌለው ሰው አይቀበል፤ መቀበሉ ለውሻው ክፋት ነው። ገንዘብንም በሚመለከት መድኃኒቱና መርፌው በየወሩ፣ ሐኪሙና የደም ምርመራው በየጥቂት ወሩ እንደሚያስወጡ ማስላት ያሻል። በእነዚያ አገሮች ለእንስሳት ሕክምና የሚሆን ኢንሹራንስ አለ፤ ነገር ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት የነበረውን ደዌ አይከፍልም። አንዳንድ መጠጊያዎች ግን ያረጀውንና የታመመውን የሚወስድ ሰው ሲያገኙ የሕክምናውን ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል መክፈላቸውን አይተዉም፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ አይሆንልኝም ብሎ መመለስ ችኰላ ነው።

ሊቀበል የቈረጠ ሰው ወደ መጠጊያው አንድ ጊዜ ሄዶ ውሻውን ይዞ አይምጣ። የሐኪሙን መዝገብ ይመልከት፤ የኢንሱሊኑን ዓይነት፣ የዩኒቱን ልክ፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራ፣ የምግቡንም ስም ጽፎ ይያዝ። ጠባቂው ቆሞ ሳለ ራሱ አንድ ጊዜ ይውጋ። ምግቡና ሰዓቱ በመጠጊያው እንደ ነበረው ሳይለወጥ ይቀጥል፤ የሚለወጥ ነገር ካለ በሐኪም ምክር በዝግታ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻው ባይበላ፣ በማዕዘን ቢደበቅ፣ ሌሊት ቢያላዝን አያስደንቅም፤ ቤቱን ካጣ ገና ወራት አልሆነውም ይሆናልና። ነገር ግን ያለ ምግብ መርፌ ስለማይሰጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመጣ ጊዜ በሌሊትም ቢሆን የሚጠየቀው ሐኪም ማን እንደ ሆነና የት እንዳለ ውሻው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት መታወቅ አለበት።

የመጨረሻውም ቀን ይመጣል፤ ከቡችላ ይልቅ ከሽማግሌ ጋራ ፈጥኖ ይመጣል። ያን ጊዜ ውሻው መብላትና መነሣት ሲያቅተው፣ ሕመሙም በመድኃኒት አልታገሥ ሲል፣ ከሐኪሙ ጋራ መክሮ ሥቃዩን ማሳጠር በእነዚያ አገሮች የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ በአጠገቡ ተቀምጦ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ይሆናል። ቀኑ ሳይደርስ ሰውየው ቢታመም ወይም ኑሮው ቢለወጥ ደግሞ መንገድ አለ። ብዙ መጠጊያዎች በሚያስፈርሙት ወረቀት ላይ ተቀባዩ ውሻውን መያዝ ቢያቅተው ለሌላ ሳይሰጥ፣ በጎዳናም ሳይጥል ወደዚያው ወደ ወሰደበት መጠጊያ እንዲመልሰው ተጽፎ ይገኛል፤ ከመፈረሙ በፊት ይህ ቃል በወረቀቱ ላይ መኖሩን አንብቦ ማረጋገጥ ይገባል።